የቤት ባለቤትና የመንደር ነዋሪ

በፈረንሳይ አገር መካከለኛ ክፍል፣ ከፓሪስ በስተደቡብ፣ ሊሙዛን የሚባል የገጠር አካባቢ አለ። ቀደም ሲል ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር የነበረ ሲሆን ከ2016 ጀምሮ ኑቬል አኪቴን ከሚባለው ሰፊ ክፍለ ሀገር ጋር ተዋህዷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሊሙዛን ኮረብታማና ዝናባማ ነው፤ አፈሩ ለእህል ስስ ቢሆንም ግጦሹ ለምለም ነው። በዓለም ዙሪያ የሚያውቁትም በስሙ በሚጠራው ቀይ የሥጋ ከብት ዘር ነው። ከሦስቱ አውራጃዎች አንዱ የሆነው ክሮዝ ደግሞ በሌላ ነገር ይታወቃል። በፈረንሳይ አገር የገጠር ቤት እጅግ ርካሽ ከሚሸጥባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ የወደድነው የዚሁ አውራጃ የቤት ግዥና ኑሮ ጉዳይ ነው።

ለገበሬ ማኅበር መሪ የፈረንሳይ ቤት ግዥ ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ከ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። በፈረንሳይ ግን መሬት ይሸጣል። ይሁንና መሬት በሚሸጥበት በዚያ አገር እንኳ ገበሬው ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሁሉ ማሳውን ክፍት አልተወም። ማሳ ሲሸጥ የገበሬዎች ተወካዮች የሚጠየቁበት ሥርዓት በሕግ ቆሟል። ስለ ቤት ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት አልቆመም። በዚህም ምክንያት ማሳው አራሽ እያለው ቤቱ ሰው የሌለበት መንደር ተፈጥሯል። ልጆቻቸው ወደ ከተማ በሄዱባቸውና የአባት ቤት ተቆልፎ በሚቀርባቸው የእኛ መንደሮች የሚኖር ሁሉ ነገሩን ባዕድ አድርጎ ይመለከተዋል ብለን አናምንም።

ክሮዝ ባዶ መሆን የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1851 በአውራጃው 287 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ የቀረው 115 ሺህ ገደማ ነው። ስፋቱ ከአምስት ሺህ አምስት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሃያ ያህል ሰው ብቻ ነው። በጥንቱ ጊዜ የአካባቢው ወንዶች ግንበኞች ነበሩ። መሬቱ ቤተሰቡን ስለማይቀልብ በጸደይ ወደ ፓሪስና ወደ ሊዮን እየሄዱ ይገነባሉ፤ ክረምቱ ሲገባ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ። እርሻውን በበጋው ወራት የሚይዙት ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ኋላ የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን የበቃው ማርተን ናዶም በ1830፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር በዚሁ መንገድ ወደ ፓሪስ የሄደ የክሮዝ ልጅ ነው። ባቡር ሲገባ መንገዱ ቀለለ፤ መንገዱ ሲቀል ግን መመለሱ ቀረ። ለወቅት ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ እዚያው ከተማ መኖር ጀመረ።

በዚህ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጨመረ። ዣንቲዩ በምትባለው መንደር የሟቾችን ስም የያዘ ሐውልት ቆሟል። በሐውልቱ ላይ አንድ የሙት ልጅ ጡጫውን ወደ ስሞቹ ዘርግቶ ይታያል፤ ከሥሩ የተቀረጸውም ጽሑፍ ጦርነትን የሚረግም ነው። በፈረንሳይ በየመንደሩ የሙታን ሐውልት አለ፤ እንደዚህ በግልጽ የሚራገመው ግን ጥቂቱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትራክተሩ መጣና የአራሹ ቁጥር ቀነሰ። በ1955 በመላው ፈረንሳይ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ያህል የእርሻ ይዞታ ነበር። በ2020ው ቆጠራ የተገኘው 390 ሺህ ገደማ ነው። ማሳዎቹ አልጠፉም፤ አንዱ ገበሬ የአምስቱን ጎረቤቶቹን መሬት ጠቅልሎ ያርሳል። የአምስቱ ጎረቤቶች ቤት ግን እንደ መሬቱ ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ሊኖርበት አይችልም። በክሮዝ ከአሥሩ ቤት ከአንድ በላይ የሚሆነው ነዋሪ የሌለው ባዶ ቤት የሆነበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ውርስ ነው። ከ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ በፈረንሳይ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን አባት ሲሞት አራት ልጆች አንድን ቤት በጋራ ይወርሱና አንዱ ፓሪስ፣ አንዱ ሊሞዥ፣ አንዱ ውጭ አገር ይኖራል። በመርሁ ቤቱን ለመሸጥ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ አልፈርምም ቢል፣ ወይም ሞቶ የእርሱ ድርሻ ደግሞ ለልጆቹ ቢተላለፍ፣ ጉዳዩ እየተወሳሰበ ይሄዳል። በዚህ መካከል ጣሪያው ያፈሳል፣ ወራጁ ይበሰብሳል። ገዢ ተገኝቶ እንኳ በአንድ ፊርማ እጦት የፈረሰ ቤት በዚያ አገር ብርቅ አይደለም።

ቤቱ ራሱ ጠንካራ ነው። ግድግዳው ወፍራም የግራናይት ድንጋይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሰው መኖሪያ፣ የከብት በረቱና የድርቆሽ ማስቀመጫው በአንድ ጣሪያ ሥር ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ በግቢው የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ያለበትም አለ። በትልቅ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል በማትገዛበት ገንዘብ እዚህ ቤት ከነግቢው ሊገኝ ይችላል። ርካሽነቱ ግን የሚታየው በሽያጩ ዋጋ ብቻ ነው። ጣሪያ ማደስ፣ መስኮት መቀየር፣ ማሞቂያ ማስገባት ሲጨመርበት ወጪው ከግዥው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ርካሽ ቤት ገዝቶ ገንዘቡ መካከል ላይ ያለቀበትና ጣሪያውን በሸራ ሸፍኖ የከረመ ገዢ በየአካባቢው አይጠፋም።

የግዥው ሥርዓት በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሽያጩ የሚጸናው ኖተር በሚባል ሹም ፊት ነው። ኖተሩ በመንግሥት የሚሾም የውልና ማስረጃ ባለሥልጣን ሲሆን የቤቱን ታሪክ ይመረምራል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ዕዳ እንዳለበት፣ የጎረቤት መተላለፊያ እንዳለበት ያጣራል። በመጀመሪያ ገዢና ሻጭ የሽያጭ ስምምነት ይፈርማሉ። ገዢው ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚደርስ ቀብድ ያስይዛል። ከዚያ በኋላ ገዢው፣ ሻጩ ሳይሆን ገዢው ብቻ፣ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ሐሳቡን ለመለወጥና ቀብዱን ለመመለስ መብት አለው። በብድር የሚገዛ ከሆነም ባንኩ ቢከለክለው ቀብዱ ይመለስለታል። የመጨረሻው ውል የሚፈረመው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ለአሮጌ ቤት ከዋጋው ሌላ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ያህል ይከፈላል። ሰዉ የኖተር ክፍያ ብሎ ይጠራዋል እንጂ የሚበልጠው እጅ ግብር ሆኖ ወደ መንግሥትና ወደ አካባቢው አስተዳደር የሚገባ ነው።

ሻጩም የቤቱን ጉድለት ሸሽጎ እንዳይሸጥ ተደርጓል። ከ1949 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ መኖሩ ይመረመራል። አስቤስቶስ፣ በተለዩ አካባቢዎችም ምስጥ ይመረመራሉ። የሊሙዛን መሬት ግራናይት በመሆኑ ከምድር ውስጥ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ በቤት ውስጥ ሊከማች ስለሚችል ይህም ለገዢው በጽሑፍ ይነገራል። ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ ተለክቶም በፊደል ደረጃ ይሰጠዋል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘ ቤት ለመኖሪያ በአዲስ ውል ሊከራይ አይችልም። የከተማ የፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ገጠር ደግሞ የቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ ተመርምሮ ከሥርዓት ውጭ ከሆነ ገዢው ውሉን በፈረመ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተካከል ይኖርበታል። የመንደሩን ምንጭ ንጽሕና ለመጠበቅ ይህ ግዴታ ከገዢው ጋር ተያይዞ መተላለፉ የሚደገፍ ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባው ግን ከቤቱ ጋር መሬት ሲኖር የሚሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1960 በወጣው የእርሻ መሠረታዊ ሕግ ሳፌር የሚባሉ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ሳፌር ለትርፍ የማይሠራ የገጠር መሬት ኩባንያ ነው። በቦርዱ የገበሬ ማኅበራት፣ የአካባቢ አስተዳደሮችና ሌሎች የገጠር ወገኖች ይወከላሉ፤ ሁለት የመንግሥት ኮሚሽነሮች ደግሞ ሥራውን ይቆጣጠራሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ኤድጋር ፒዛኒ የእርሻ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ሳፌር የቅድሚያ ግዥ መብት ተሰጠው። ይኸውም የእርሻ መሬት ሊሸጥ ሲል ኖተሩ ሁለት ወር አስቀድሞ ለሳፌር ያስታውቃል። ሳፌሩ ሽያጩ ገበሬውን ይጎዳል ብሎ ካመነ በገዢው እግር ተተክቶ መሬቱን ራሱ ይገዛል። ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጥ አለበት፤ ምክንያቶቹም ወጣት ገበሬ ማቋቋም፣ አነስተኛ ይዞታ ማስፋት፣ የዋጋ ንረትን መከላከልና እነዚህን የመሳሰሉ በሕግ የተዘረዘሩ ናቸው። ከገዛም በኋላ ለራሱ አያስቀረውም፤ ማስታወቂያ አውጥቶ ከአመልካቾች መካከል ለመረጠው መልሶ ይሸጣል።

ዋጋውም ቢሆን አያመልጥም። ሳፌሩ የተጠየቀው ዋጋ ከአካባቢው ገበያ በላይ ነው ብሎ ካመነ ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። ሻጩ ይህን ይቀበላል፤ ካልፈለገ ሽያጩን ይተዋል፤ ወይም ዳኛ ዋጋውን እንዲቆርጥለት ይጠይቃል። ስለዚህ ከሩቅ ከተማ የመጣ ሀብታም አንዱን ሄክታር በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ ለጎረቤት ገበሬ ሁሉ ዋጋውን እንዲያንር በቀላሉ አይፈቀድለትም። የገጠር ቤት ከጥቂት ሄክታር ጋር ለመግዛት የመጣ ሰውም የሁለቱን ወር መልስ መጠበቅ ግዴታው ነው። ብዙ የከተማ ሰዎች ይህን እንደ እንቅፋት ሲያማርሩበት ይሰማል። በእኛ አስተያየት ግን ለዘለዓለም ለሚተላለፍ መሬት ሁለት ወር መጠበቅ የሚያስመርር አይደለም።

ከሳፌሩ የሚቀድም አንድ ሰው አለ፤ እርሱም መሬቱን ተከራይቶ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያረሰው ገበሬ ነው። በ1945 እና በ1946 በወጡት የኪራይ እርሻ ሕጎች መሠረት የእርሻ ኪራይ ውል ከ9 ዓመት አያንስም፤ የኪራዩም ልክ መንግሥት በሚወስነው ዝቅተኛና ከፍተኛ ወለል መካከል ነው። ባለመሬቱ ሊሸጥ ቢል የመጀመሪያው ጥያቄ ለተከራዩ ገበሬ ይቀርባል። ጫማውን በዚያ ጭቃ ያበላሸ ሰው ይቅደም ማለት ነው።

ይህ ማለት ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በ2014 የፈረንሳይ የሂሳብ ፍርድ ቤት የሳፌሮችን አሠራር ግልጽነት የጎደለው ነው ሲል ነቅፏል። መሬት የሚያድል ኮሚቴ ባለበት ሁሉ ዝምድናና ጎረቤትነት መግባቱ በእኛም አገር ያልታየ አይደለምና ነቀፌታው ሊያስደንቀን አይገባም። ሌላው ቀዳዳ ከዚህ የከፋ ነበር። ሳፌር የሚጠየቀው መሬት ሲሸጥ ነው። መሬቱ በኩባንያ ስም ሆኖ የኩባንያው አክሲዮን ሲሸጥስ? ከክሮዝ ጋር በሚዋሰነው በኤንድር አውራጃ አንድ የቻይና ባለሀብት ኩባንያ በዚህ መንገድ 1,700 ሄክታር ያህል መሬት ያዘ፤ ጉዳዩም በ2016 በይፋ ሲወጣ አገሩን አነጋገረ። ጥቂት አክሲዮን በሻጮቹ እጅ እንዲቀር ስለተደረገ ሳፌሩ ምንም ማድረግ አልቻለም። ይህን ቀዳዳ ለማጥበብ በታኅሣሥ 2021 የአክሲዮን ዝውውርንም በፈቃድ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የመጀመሪያው ሕግ በ1960 ወጥቶ ቀዳዳው ለመጥበብ ስድሳ ዓመት መፍጀቱን ልብ ይሏል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ማሳ ነው። ማሳ የሌለው፣ ጓሮ ብቻ ያለው ቤት ሲሸጥ ግን የሳፌር እጅ ብዙም አይደርስበትም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሊሙዛንና ጎረቤቱ ዶርዶኝ የፓሪስ ሰዎች፣ የሆላንድ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ የእንግሊዝ ሰዎች ቤት የሚገዙባቸው ስፍራዎች ሆኑ። ርካሽ አውሮፕላን ሊሞዥ ማረፍ ሲጀምር ገዢው በዛ። እነዚህን ሰዎች እንደ ጠላት ማየት ስሕተት ይሆናል። ሊፈርስ የነበረ ጣሪያ ከድነዋል፤ የአካባቢውን ግንበኛና አናጢ አሠርተዋል፤ ከመካከላቸውም ጠቅልለው መጥተው የሚኖሩና በመንደሩ ማኅበር የሚሳተፉ አሉ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው እንግሊዛዊ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ሊቀመጥ ስለማይችል ለመኖርና ለመጎብኘት በሚመጣው መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ተለይቷል።

ችግሩ ለዕረፍት ብቻ የተገዛው ቤት ነው። በሐምሌና በነሐሴ መስኮቱ ይከፈታል፤ በቀረው ጊዜ ይዘጋል። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ክፍል የሚከፍተውም ሆነ የሚዘጋው በመስከረም ባሉት ልጆች ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ያለው ቤተሰብ ያን መንደር አይመርጥም። ዳቦ ጋጋሪው በሁለት ወር ገበያ ዓመቱን አይዘልቅም። ጡረታ የወጣ ሐኪምን የሚተካ አይገኝም፤ አዲስ ነዋሪም ቤት ከመግዛቱ በፊት የቅርቡ ሐኪም ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ብሎ መጠየቅ ግድ ሆኖበታል። መኪና ለሌለው ሰው የክሮዝ ገጠር የሚያስኖር አይደለም።

የፈረንሳይ ሕግ ባለቤትነትንና ነዋሪነትን ፈጽሞ አልለየም ለማለት አይቻልም። በዋና መኖሪያ ቤት ላይ ይከፈል የነበረው የመኖሪያ ግብር በ2023 ሙሉ በሙሉ ሲነሣ በዕረፍት ቤት ላይ ግን እንዲቀጥል ተደርጓል። ከዚህ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው በክሮዝና በአካባቢው ተራሮች የሚገኘው የጥንት የወል መሬት ነው። የአንድ ጎጥ ነዋሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ግጦሽና ደን ነው። በ2013 በወጣው ሕግ እንደተደነገገው የዚህ መሬት ተጠቃሚ የሚሆነው በዚያ ጎጥ እውነተኛና ቋሚ መኖሪያ ያለው ሰው ብቻ ነው። መብቱ አይሸጥም፣ አይወረስም። በጎጡ ሦስት ቤት ያለውና በፓሪስ የሚኖር ሰው ከግጦሹ ድርሻ የለውም፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እዚያው የሚኖር ግን አለው። የእኛ ገበሬ ይህን ሲሰማ እንግዳ ነገር ይሆንበታል ብለን አንገምትም። የሚያሳዝነው፣ ያው የ2013 ሕግ ነዋሪ የጠፋባቸው የወል መሬቶች ወደ ኮሙኑ ይዞታ እንዲዛወሩ ማቅለሉ ነው። ተጠቃሚ የሌለበት መብት መጨረሻው ይኸው ነው።

ኮሙን ማለት የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ሲሆን የራሱ የተመረጠ ከንቲባና ምክር ቤት አለው። በፈረንሳይ 35 ሺህ ያህል ኮሙኖች አሉ፤ መቶ ሰው ብቻ የሚኖርበት ኮሙን እንኳ ከንቲባ አለው። በሚልቫሽ አምባ ላይ የምትገኘው ፎ ላ ሞንታኝ አራት መቶ ያህል ነዋሪ ያላት ኮሙን ናት። ከ1988 ጀምሮ ሠራተኞቹ ራሳቸው በባለቤትነት የሚመሩት የእንጨት መሰንጠቂያ ተቋቁሞባታል። ሥራ ሲኖር ሰው መጣ፤ ሰው ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት ጠፋ። በባዶ ቤቶች መካከል ቤት መጥፋቱ የሚያስገርም ይመስላል፤ ነገር ግን ባዶው ቤት ወይ ወራሾች የሚከራከሩበት፣ ወይ ለዕረፍት የተያዘ፣ ወይ የፈራረሰ ነው። ስለዚህ ላርባን የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቤት እየጠገነ ለነዋሪ ማቅረብን ሥራው አደረገ። በአምባው ላይ አዲስ መጪ ቤት ከመግዛቱ በፊት ተከራይቶ አንድ ክረምት እንዲያሳልፍ የሚደረግበት ልማድም አለ። ይህ ከማናቸውም ምክር የተሻለ ነው። ክሮዝን በሐምሌ አይቶ የገዛ ሰው የካቲትን አያውቀውም፤ ጭጋጉን፣ የማገዶውን ፍጆታ፣ ቀድሞ የሚጨልመውን ምሽት ተከራይቶ ሳለ ቢያውቀው ለእርሱም ለመንደሩም ይበጃል።

ከንቲባው በቤት ሽያጭ ላይ ያለው ሥልጣን ግን ትንሽ ነው። ኮሙኑ የቅድሚያ ግዥ መብት የሚኖረው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ካወጣ ነው፤ ከትንንሾቹ የክሮዝ ኮሙኖች ብዙዎቹ ደግሞ ፕላን የላቸውም። ቢኖራቸውም መግዣ ገንዘብ ያስፈልጋል። በኅዳር 2024 የወጣ ሕግ የዕረፍት ቤት የበዛባቸው ኮሙኖች በፕላናቸው ውስጥ ክልል ለይተው እዚያ የሚሠራ ቤት ለዋና መኖሪያነት ብቻ እንዲውል ለማስገደድ እንዲችሉ ፈቅዷል። ይህ ሕግ የሚመለከተው ግን አዲስ የሚሠራን ቤት ነው። በክሮዝ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው አያት የገነባው አሮጌው የድንጋይ ቤት ነው።